የጉዳይ ጥናት በመምህራን ሥልጠና፦ ከአጻጻፍ እስከ ምዘና

የጉዳይ ጥናት በማስተማሪያነት ጎልቶ የወጣው በሕግ ትምህርት ነው። ክሪስቶፈር ላንግዴል እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን የትምህርቱ ዋና ማጠንጠኛ አደረጉ። በመምህራን ትምህርት ረገድ ደግሞ ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ የመምህርን ዕውቀት አቀራረብ በመርሕ፣ በጉዳይና በስልት ከፍለው አሳይተዋል። በእርሳቸው አመለካከት ማንኛውም የክፍል ውስጥ ገጠመኝ ጉዳይ አይባልም፤ ጉዳይ ለመባል ከራሱ ለሰፋ ሐሳብ ምሳሌ ሆኖ መገኘት አለበት።

በኢትዮጵያ ይህ ጭብጥ ከፕራክቲከም ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ (ቴሶ) በትምህርት ቤት ለሚደረግ የተግባር ልምምድ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በመሆኑም ሰልጣኞች የተዘጋጀ ጉዳይ ከመተንተን አልፈው በልምምድ ያዩትን ራሳቸው እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። ሁለቱ ሥራዎች የሚጠይቁት ችሎታ ግን ይለያያል። በተዘጋጀው ጉዳይ መረጃው ተመርጦ ቀርቧል፤ የራሱን ጉዳይ የሚጽፍ ሰልጣኝ ግን ከብዙ ክንውኖች መካከል የሚጠቅመውን መለየት ይኖርበታል።

ለአብነት፣ አንድ ተማሪ 1/2 እና 1/3ን ደምሮ 2/5 የሚል መልስ ሰጠ እንበል። «ተማሪው ክፍልፋይ አልገባውም» ብሎ መጻፍ ፍርድ እንጂ መረጃ አይደለም። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ጋር መደመሩን፣ አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ የተሠራውን ምሳሌና ተማሪው ስለ መልሱ የሰጠውን ማብራሪያ መመዝገብ ግን ለምርመራ በር ይከፍታል። ተማሪው የማባዛትን ሥርዓት ለመደመር አውሎት፣ ወይም ክፍልፋዩን እንደ ሁለት የተነጣጠሉ ሙሉ ቁጥሮች ቆጥሮት ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ መንስኤ የሚሰጠው የማስተማር ምላሽ የተለየ ነው።

የዘዴው ዋና ፈተና ምዘናው ነው። የልምምድ ነጥብ የሚሰጠው ተቆጣጣሪ የጉዳዩን ጽሑፍም የሚያርም ከሆነ፣ ሰልጣኙ ያልሰመረለትን ክፍለ ጊዜ ትቶ የሰመረለትን ለመጻፍ ይገፋፋል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የሰልጣኙን መልካም ገጽታ ቢያሳይም የሚመረመር ችግር አይኖረውም። ስለዚህ የጉዳዩ ጽሑፍ ከልምምድ ነጥብ ተለይቶ ሊመዘን ይገባል። መስፈርቱም ሰልጣኙ መረጃን ከፍርድ መለየቱን፣ ከአንድ በላይ አሳማኝ ማብራሪያ ማቅረቡን፣ የመረጠውን ማብራሪያ በማስረጃ መደገፉንና የተማሪዎችን ማንነት መሰወሩን መመልከት ይኖርበታል። የክፍለ ጊዜው መሳካት ወይም አለመሳካት የጽሑፉ ነጥብ መነሻ መሆን የለበትም።

የሰልጣኞች ቁጥር በርካታ በሆነባቸው ኮሌጆች እያንዳንዱን ጽሑፍ በጥልቀት ማረም አዳጋች ነው። ጽሑፎቹ በአነስተኛ ቡድን ተነብበው ውይይት ከተደረገባቸው በኋላ ተሻሽለው ቢቀርቡ የአራሚው ጫና ይቀላል። ከዚህ በላይ ሰልጣኙ አንድ ክስተት በሌሎች ዓይን በተለየ መልኩ ሊተረጎም እንደሚችል ይገነዘባል፤ ብቻውን በሚያስተምርበት ክፍልም ፈጥኖ ከመፍረድ የሚጠብቀው ይኸው ልምድ ነው።