ከኮሎምበስ በፊት የነበረ ጥለት፦ በባለ ካሬ ወረቀት እንሳለው



በቅርቡ አንድ ታዳጊ የእናቱን ነጠላ ጠርዝ እያሳየኝ፣ «ይሄ እኮ የግሪክ ዲዛይን ነው፤ ትምህርት ቤት ተምረነዋል» አለኝ። እናቱ አጠገባችን ነበረች። ምንም አልመለሰችም፤ ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች። ለልጁ እዚያው መልስ መስጠት ስላልቻልኩ መልሱን በዚህ ትምህርት አዘጋጀሁት። በቃል ከምነግራችሁ ግን በእርሳስ ብትደርሱበት ይሻላል።

መጀመሪያ ታሪኩ

ከተማችን ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1492 አሜሪካ ከደረሰው ከኮሎምበስ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ምድር ላይ ቆጥረውና ለክተው የሠሩ ሰዎች ከእሱ በፊት ነበሩ። ከኒው አልባኒ በ161 መንገድ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትነዱ ኒውአርክ ትደርሳላችሁ። እዚያ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት በአፈር የተሠራ፣ ስፋቱ 365 ሜትር የሚጠጋ ክብ አለ። በአቅራቢያውም ስምንት ማዕዘን ያለው ሌላ ሥራ ይገኛል። አፈሩን የተሸከሙት በቅርጫት ነበር። ዩኔስኮ ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ዛሬ የምንስለው ጥለት ግን የመጣው ከደቡብ፣ ሜክሲኮ ኦሃካ ውስጥ ከምትገኘው ከሚትላ ነው። የሳፖቴክ ሕዝብ እዚያ የሠራቸው ቤቶች ግድግዳቸው እንደ ቀሚስ ጠርዝ በጥለት የተከበበ ነው። ጥለቱ የተሠራው በጥንቃቄ ተጠርበው እርስ በርስ ከተገጣጠሙ ትናንሽ ድንጋዮች ነው። በእነዚህ የድንጋይ ጥለቶች ላይ የሰውም የእንስሳም ምስል የለም፤ ያለው መስመር፣ ደረጃና ጥቅል ብቻ ነው። ደረጃ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚጠቀለለው ቅርጽ በናዋትል ቋንቋ «ሺካልኮሊውኪ» ይባላል። በስፓንኛ ግን «ግሬካ»፣ ማለትም የግሪክ፣ የሚል ስም ተሰጠው። ሠሪዎቹ ግሪክን አይተዋት አያውቁም።

አሳሳሉ

አንድ ኢንች ውስጥ 4 ካሬ ያለው የግራፍ ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ ያዙ። ተራው የአሜሪካ ወረቀት በአግድም ሲቀመጥ ወርዱ 44፣ ቁመቱ 34 ካሬ ይሆናል።

1. ከታች 17 ካሬ ቆጥራችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ይህ መሠረታችሁ ነው።
2. ከግራ ጠርዝ 2 ካሬ ዝለሉና መሠረቱ ላይ ነጥብ አድርጉ።
3. ከነጥቡ ተነስታችሁ 1 ወደ ላይ፣ 1 ወደ ቀኝ ሂዱ። ይህን 4 ጊዜ ስትደግሙ ደረጃው ይወጣል።
4. እርሳሱን ሳታነሱ 3 ወደ ቀኝ፣ 3 ወደ ታች፣ 2 ወደ ግራ፣ 1 ወደ ላይ ሂዱና አቁሙ። ጥቅሉ ይህ ነው።
5. ከመጀመሪያው ነጥብ 8 ካሬ ወደ ቀኝ ቆጥራችሁ አዲስ ነጥብ አድርጉና ድገሙት። በድምሩ 5 ጊዜ ትሠሩታላችሁ።

ለማረጋገጥ፦ የጥቅሉ ታችኛው መስመር ከመሠረቱ 1 ካሬ ከፍ ማለት አለበት። ከጥቅሉ ቀኝ ጎን እስከ ቀጣዩ ደረጃም 1 ካሬ ይቀራል። ካልቀረ የሆነ ቦታ ቆጠራ ተሳስቷል ማለት ነው።

ለምን 2 ካሬ ዘለልን?

ቅርጹ 7 ካሬ ይይዛል፤ ክፍተቱ 1 ነው፤ ስለዚህ አንድ ዙር 8 ካሬ ነው። 44ን ለ8 ስናካፍል 5 ደርሶ 4 ይተርፋል። ትርፉን ለሁለት ከፍለን በግራ 2፣ በቀኝ 2 ተውን።

እኔ ኢንጂነር ነኝ፤ ሥራዬ ስሌት ነው። ሆኖም ለአንድ ፖስተር ጠርዝ ስሠራ ቸኩዬ ሳልቆጥር ጀመርኩና የመጨረሻው ቅርጽ ግማሹ ላይ ተቆረጠ። እኔ ላጲስ ነበረኝ። ሸማኔ ግን ላጲስ የለውም። ሽሮ ሜዳ የሚሠሩት የዶርዜ ሸማኔዎች ከመጀመሪያው ክር በፊት ድሩን መቁጠር አለባቸው።

አሁን ወረቀቱን አዙሩት

ወረቀቱን ገልብጣችሁ የታችኛው ጠርዝ ወደ ላይ ይሁን። መሠረቱ መሀል ላይ ስለሆነ ቦታውን አይለቅም፤ በሁለቱም በኩል 2 ካሬ ስለተውን መነሻውም ይገጥማል። ያንኑ ጥለት በባዶው በኩል ድገሙት። አሁን ወረቀቱን ከየትኛውም ወገን ብታዩት አንድ ነው።

ጥለት የሚንቀሳቀሰው በአራት መንገድ ነው፦ ወደ ጎን በመግፋት፣ እንደ መስተዋት በመገልበጥ፣ አሁን እንዳደረግነው ግማሽ ዙር በማዞር፣ በረዶ ላይ እንደሚታይ የእግር ኮቴ ደግሞ እየገፉ በመገልበጥ። እነዚህ ሲቀናጁ ከ7 ዓይነት በላይ የጠርዝ ጥለት ሊኖር አይችልም። ሒሳብ አረጋግጦታል። የሚትላ ድንጋይም፣ የእናታችሁ ነጠላም ከ7ቱ ውጭ አይወጣም።

ለዚያ ልጅ መልሱ

የካሬ ወረቀቱን እንደገና እዩት። ቁሙ መስመር ድር፣ አግድሙ ማግ ነው። በድርና ማግ ላይ የሚሄድ ቅርጽ ቀጥ ይላል ወይም ይታጠፋል፤ ብዙ ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ክር የቆጠረ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ድንጋይ የቆጠረ ሚትላ ውስጥ፣ ማንም ሳያስተምረው ወደ ተመሳሳይ ቅርጽ ሊደርስ ይችላል። ሞሰብ የምትሰፋ እናትም ስንደዶዋን የምትቆጥረው ከማንም መጽሐፍ ገልብጣ አይደለም። መመሳሰል ብቻውን ባለቤትነትን አያሳይም። አንድን ጥለት አይታችሁ «የእነ እገሌ ነው» ከማለታችሁ በፊት፣ ይህንን ማን ሠራው? እንዴትስ ቆጠረው? ብላችሁ ጠይቁ።

የቤት ሥራ

ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ ነጠላ ዘርጉ። ጥለቱ ስንት ክር ላይ እንደሚደገም አብራችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ ወደ ካሬ ወረቀት አዛውሩት። ከአራቱ እንቅስቃሴዎች የትኞቹ እንዳሉበት ጻፉ። ከሥሩም ነጠላው የት እንደተሸመነና ማን እንደሰጣቸው ጠይቃችሁ አስፍሩ። ይህንን ክፍል የትኛውም የትምህርት ቤት መጽሐፍ አይነግራችሁም።

በሚቀጥለው ትምህርት፣ ኢንሻ አላህ፣ የሐረር ስፌቶችን ይዘን ካሬው ወደ ክብ ሲዞር ቆጠራው እንዴት እንደሚለወጥ እናያለን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።