አጥንቱ ገጠመ፤ ሰውየውስ ተነሣ?

እስቲ ያን ፕሮፖዛል ወደ እኔ ዘወር አድርጊው። ለምረቃ ጥናትሽ የጭን አጥንት ስብራትን በመምረጥሽ ደስ ብሎኛል። በመኪና፣ በሞተር፣ ከሕንፃ ላይ በመውደቅ የሚመጡልን ብዙዎቹ ጉልበታቸው እንጀራቸው የሆነ ወጣቶች ናቸው። ግን «የጥናቱ ዋና ውጤት» ከሚለው ሥር የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «በስድስተኛው ወር በራጅ የታየ መግጠም»። እዚህ ላይ ላስቁምሽ፣ እህቴ። እኔ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የምውል ሰው ነኝ፤ ራጁ «ገጥሟል» ያለው ሰው ከወንበር መነሣት ሲያቅተው የማየው እኔ ነኝ።

ራጁን አውጪው እያልኩሽ አይደለም። በዓይን ግምት ብቻ እንዳይሆን መለኪያም አለው። ለቅልጥም አጥንት የተሠራው ረስት የሚባለው ነጥብ አሰጣጥ አራቱን የአጥንት ገጽ ለየብቻ እያየ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ4 እስከ 12 ይሆናል። ለጭን አጥንትም እንዲህ ያለ ግልጽ መስፈርት ያዢ፤ ሁለት ሐኪሞች ሳይመካከሩ ያንብቡትና ንባባቸው ይነጻጸር። ይሁንና ራጅ ስለ አጥንቱ እንጂ ስለ ሰውየው አይናገርም። ተሸካሚ ከሆነ ወደ ሸክሙ ተመልሷል? ገበሬ ከሆነ ከበሬዎቹ ኋላ መሄድ ችሏል? እናት ከሆነች ልጇን አዝላ ትሄዳለች?

ሳይን የሚባለውን ድርጅት ታውቂዋለሽ። ዶክተር ሉዊስ ዘርክል እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የመሠረቱት ነው። በአጥንት ውስጥ የሚገባውንና በቀዶ ክፍል የራጅ ማሽን ሳያስፈልግ የሚተከለውን ብረት፣ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ አቅም ላነሳቸው ሆስፒታሎች ይሰጣል። ሐኪሞቹም በበኩላቸው እያንዳንዱን ቀዶ ሕክምናና ክትትሉን ይመዘግቡለታል። በክትትሉ ውስጥ በጣም የምወደው አንድ ፈተና አለ፤ ታካሚው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ይላል፣ ፎቶ ይነሣል። ምን ያህል ዝቅ ማለት እንደቻለ፣ የሚደገፈው ነገር እንዳስፈለገው፣ ፊቱ ላይ ሕመም እንዳለ ከአንዱ ፎቶ ይነበባል። ማሽን አይፈልግም፤ መጻፍና ማንበብ የማይችል ሰውም ያደርገዋል፤ ሩቅ ያለ ታካሚ ደግሞ ልጁ በስልክ አንሥቶ ሊልክልሽ ይችላል።

ለእኛ አገር ሰው ቁጢጥ ማለት ትርፍ ነገር አይደለም። ሽንት ቤት የምንጠቀመው እንደዚያ ነው፤ ዱካ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት ጉልበት ይፈልጋል፤ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ስግደት አለ። ስለዚህ ከውጭ የወሰድሽውን መጠይቅ እንደገና እዪው። ስለ ገንዳ መታጠቢያና ስለ መኪና መንዳት የሚጠይቀውን አውጪና በቦታው ሰው የሚኖረውን አስገቢ ልልሽ ነበር፤ ግን የተመዘነ መጠይቅ ላይ እንዲህ እንደልብ አይቆረጥም፤ ከተቆረጠ ነጥቡ ከሌሎች ጥናቶች ጋር አይነጻጸርም። የሚሻለው በአማርኛ የተዘጋጀ ነገር መያዝ ነው። ኢኪው-ፋይቭ-ዲ አምስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ መንቀሳቀስን፣ ራስን መንከባከብን፣ የዘወትር ሥራን፣ ሕመምንና ጭንቀትን። ለኢትዮጵያውያን የተሰላ የነጥብ ዋጋም አለው። እሱን ሳትነኪ ያዢ፤ ከጎኑ ደግሞ የቁጢጡን ፈተናና ስለ ሥራ የምትጠይቂያቸውን የራስሽን ጥቂት ጥያቄዎች ጨምሪ።

አጠያየቅሽንም ላስጠንቅቅሽ። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ራሱ «ተሻለዎት?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጅዎ ይባረክ» ነው። ታካሚው እየዋሸ አይደለም፤ እያመሰገነ ነው። አንቺ ግን ምስጋናውን እንደ ውጤት ከመዘገብሽው ጥናትሽ ተበላሸ። ስለዚህ ውጤቱን የሚለካው ቀዶ ሕክምናውን ያልሠራና የትኛው ታካሚ የትኛውን ሕክምና እንዳገኘ የማያውቅ ሰው ይሁን። ጥያቄውም የሚታይ ነገር ላይ ይረፍ፤ «ትናንት ከቤት ተነሥተው እስከ የት ሄዱ? ምርኩዝ ይዘው ነበር? ሌሊት ሕመሙ ቀሰቀሰዎት?» እንዲህ ሲጠየቅ ሰው እውነቱን ይነግርሻል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። «በቀጠሮው ያልተገኘ ታካሚ ከጥናቱ ይወጣል» ብለሻል። አይሆንም፣ እህቴ። ያልመጣው ማን ነው? ድኖ አዝመራ ላይ ያለው ሊሆን ይችላል። ቁስሉ መግል ይዞ፣ ትራንስፖርት አጥቶ ቤቱ የተኛውም ሊሆን ይችላል። ወጌሻ ጋ የሄደ፣ ፀበል የገባ፣ የሞተም ይኖራል። እነዚህን አውጥተሽ የቀሩትን ብትቆጥሪ የምትለኪው ሆስፒታል መምጣት የቻለውን ሰው ነው። ጥናት ገምጋሚዎች ከ20 በመቶ በላይ ታካሚ የጠፋበትን ጥናት በጥርጣሬ የሚያዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሔው በመጨረሻ በሚደረግ ስሌት አይገኝም፤ የሚገኘው በመጀመሪያው ቀን ካርድ ላይ ነው። የታካሚውን ብቻ ሳይሆን የአንድ ዘመድና የአንድ ጎረቤት ስልክ ያዢ። ሰፈሩ የሚያውቀውን የቤት ስሙን ጻፊ፤ ገጠር ውስጥ በካርድ ስሙ ብትጠይቂ የሚያውቀው ላይኖር ይችላል። ቀጠሮውን ከእርሻና ከአጨዳ ወቅት ጋር አታጋጪው፤ ከቀኑ በፊትም ደውዪ። የመጓጓዣ ወጪ መሸፈን ካሰብሽ ከአሁኑ በፕሮፖዛሉ ላይ አስፍሪውና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያጽድቀው። ወጌሻ ጋ ሄደው እንደሆነም ሳትቆጪ ጠይቂ። ከልክ በላይ በጠበቀ እስራት እግሩ ደም አጥቶ ለመቆረጥ የበቃ ሰው ስለምናይ ያናድደናል፤ ግን ታካሚው እንደምትቆጪው ከገመተ ይደብቅሻል፣ አንቺም ለውጤቱ ትልቅ ምክንያት የሆነውን ነገር ሳታውቂ ትቀሪያለሽ።

ያልተሳካውን ሕክምና መጻፍ እንዳያስፈራሽ አንድ ሐኪም ልንገርሽ። ኧርነስት ኮድማን የቦስተን ቀዶ ሐኪም ነበር። ለእያንዳንዱ ታካሚ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ክትትል ይደረግ፣ ካልዳነም ለምን እንዳልዳነ ይጻፍ ብሎ ተነሣ፤ ለዚህም ለየታካሚው ካርድ ያዘ። ሐሳቡ ባልደረቦቹን አስቆጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ከትልቁ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ለቀቀ። በራሱ ትንሽ ሆስፒታል ከ1911 እስከ 1916 ወጥተው የሄዱ 337 ታካሚዎችን ውጤት ሲያትም 123 ስሕተቶችን አብሮ አወጣ። ዛሬ የሕክምና ውጤትን መከታተል ሲነሣ ስሙ ቀድሞ ይጠራል።

የምናምንበት ሕክምና ሁሉ መለካት የሚገባው ለምን እንደሆነም አትርሺ። ለጭንቅላት ጉዳት ስቴሮይድ ለዓመታት ይሰጥ ነበር፤ እብጠት ስለሚቀንስ ይጠቅማል ተብሎ። ክራሽ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 የ10,008 ታካሚዎችን ውጤት ሲያወጣ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስቴሮይድ ካገኙት 21.1 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 17.9 በመቶ ሞተው ተገኙ። መልካም ሐሳብ ሰው እየገደለ ነበር። ለአንቺ ሙያ የሚቀርበው ደግሞ ፍሎው ነው፤ አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ ስብራት በምን ይታጠብ ብሎ በአምስት አገሮች 2,447 ታካሚዎችን ተከታተለ። በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው በሳሙና ከታጠቡት 14.8 በመቶ፣ በጨው ውኃ ከታጠቡት 11.6 በመቶ ነበሩ። የውኃው ግፊት መብዛት ማነሱም ለውጥ አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ይህ ውጤት ውድ የማጠቢያ መሣሪያ ለሌለው ሆስፒታል ምሥራች ነው፤ ከፍ አድርጎ የተሰቀለ ሳላይን ይበቃል።

ስምምነት የምትጠይቂበትንም ሰዓት አስቢበት። በስቃይ ላይ ያለ ሰው «ዶክተር እንዳሉ» ብሎ ይፈርማል፤ ያ ፈቃድ አይደለም። መጀመሪያ ማስታገሻ ይውሰድ፣ ቤተሰቡ ይምጣ፣ ከዚያ «እንቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይጓደልም» ብለሽ ንገሪው፤ በተግባርም አይጓደልበት።

እንግዲህ እርማቱን እንዲህ አድርጊው። ዋናው ውጤት አንድ ይሁን፤ እሱም ሰውየው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሥራውና ወደ ኑሮው መመለሱ። ራጁ፣ ኢኪው-ፋይቭ-ዲውና የቁጢጡ ፎቶ ተከታይ መለኪያዎች ይሁኑ። ይህን ሁሉ፣ መረጃ መሰብሰብ ሳትጀምሪ፣ ጽፈሽ አስቀምጪው፤ ቁጥሩን ካየሽ በኋላ የሚያምረውን እንዳትመርጪ። ነገ ክሊኒክ ስትገቢ አዲሱን ቅጽ በጥቂት ታካሚዎች ሞክሪው። ጥያቄሽ እነሱ ከሚጨነቁበት ነገር ጋር ካልተገናኘ፣ የምትለውጪው ጥያቄውን ነው።