ሠራተኛ ናት ወይስ ተቋራጭ? የደከመ ሰው ሐቅ ስም በመቀየር አይጠፋም



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ መጥረጊያና መወልወያ ነው። ነገሩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ነቢያችን ﷺ መስጂድ የምትጠርግ አንዲት ሴት ባጧት ጊዜ የት እንደደረሰች ጠየቁ። መሞቷን ሲሰሙ ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ወቀሱ፤ መቃብሯ ድረስ ሄደውም ሰገዱባት። ሰዎቹ ነገሯን አቅልለው አይተውት ነበር፤ እርሳቸው ግን አላቀለሉትም። ስለ ጽዳት ሠራተኛ ሐቅ ስንነጋገር ይህን ልብ ውስጥ አስቀምጠን እንጀምር።

ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች እስከ አዲ አርቃይ ባሉት ከተሞች ብዙ ወጣት ሥራ የሚጀምረው በትንሹ ነው። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት፤ ሆቴል አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ባንክና ቢሮ አለ። ይህ ሁሉ ይጠረጋል፣ ይወለወላል፣ አንሶላው ይታጠባል። አንዱ ወጣት የጽዳት ሥራውን ከድርጅቱ ይረከባል፤ ከዚያ ሦስት አራት እህቶችን ጠርቶ «በቁርጥ» ያሠራቸዋል። ደመወዝ አይባልም፣ ፈቃድ የለም፣ ጡረታ የለም። አንዷ እርጥብ ደረጃ ላይ ብትወድቅ «እሷ የራሷ ተቋራጭ ናት» ይባላል።

እስቲ ጥያቄውን በቀጥታ እንጠይቅ፦ እውነት ተቋራጭ ናት?

ፊቅሁ ምን ይላል?

የፊቅህ ዑለማዎች የሚከራይን ጉልበት ለሁለት ከፍለው ያዩታል። አንደኛው «አጂር ኻስ» ነው፤ ጊዜውን ለአንድ ሰው የሰጠ፣ በዚያ ሰዓት ለሌላ መሥራት የማይችል። ሁለተኛው «አጂር ሙሽተረክ» ነው፤ እንደ ልብስ ሰፊ ለመጣው ሁሉ የሚሠራ፣ ክፍያውን በጨረሰው ሥራ ልክ የሚቀበል።

ልዩነቱ ከባድ ውጤት አለው። አጂር ኻስ በተባለው ሰዓት ተዘጋጅቶ ከተገኘ ሥራ ባይሰጠው እንኳ ክፍያው ይገባዋል፤ ጊዜውን ሰጥቷልና። በእጁ ያለ ዕቃ ያለ ቸልተኝነቱ ቢበላሽም አይጠየቅበትም። ሙሽተረኩ ግን ሥራውን ካላስረከበ ክፍያ የለውም፤ ስለ ዕቃው ተጠያቂነቱም ከኻሱ ይልቅ የጠበቀ እንደሆነ የተናገሩ ዑለማዎች አሉ።

አሁን እህታችንን እዩዋት። ጠዋት 12 ሰዓት ግቢ የተባለችው በናንተ ነው። መወልወያው፣ ባልዲው፣ በረኪናው የናንተ ነው። የትኛው ክፍል መቅደም እንዳለበት የምትነግሯት እናንተ ናችሁ። ከሆቴሉ ጋር ዋጋ አትደራደርም፤ ሌላ ደንበኛም የላትም። ይህች አጂር ኻስ ናት።

በሌላ በኩል መጋረጃና ብርድ ልብስ በቤቷ የምታጥብ፣ ዋጋዋን ራሷ የምትተምን፣ ከሦስት ሆቴልና ከአስር ቤት ሥራ የምትቀበል ሴት አለች። እሷ እውነተኛ ተቋራጭ ናት፤ በኮንትራት ብታሠሯት ነውር የለውም።

በኦቶማን ዘመን የሐነፊን ፊቅህ በአንቀጽ ያሰፈረው «መጀላ» ገና በመግቢያው ላይ አንድ መርህ ያስቀምጣል፦ በውል ውስጥ የሚታየው የተዋዋዮቹ ሐሳብና የነገሩ ትርጉም እንጂ የቃሉ ቅርጽ አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ንዑስ ተቋራጭ» ብሎ መጻፍ ሐቋን አያነሳም።

የሀገራችን ሕግስ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ለአሠሪ፣ በአሠሪ መሪነት፣ ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው ሠራተኛ ነው። ከአዋጁ ውጭ የሚሆነው የራሱን ንግድ በራሱ ኪሣራና ኃላፊነት የሚያካሂድ ሰው ነው። መለያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሥራው ቢከስር የሚከስረው ማነው? ደንበኛ ቢቀር ሌላ የሚፈልገው ማነው?

ሌላው ዓለምም በዚህ ጉዳይ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኡበርን የከሰሱት ሾፌሮች ዝቅተኛ ደመወዝና የዓመት ፈቃድ የሚገባቸው ሠራተኞች መሆናቸውን ወስኗል። ኩባንያው ያቀረበው ውል ራሳቸውን የቻሉ ተቋራጮች ይላቸው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ወረቀቱን ትቶ ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚካሄድ አየ።

ሠራተኛ ከሆነች የሚገባት ምንድን ነው? ዋና ዋናዎቹን ያዙ፦

• በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ያልበለጠ መደበኛ ሥራ። ትርፍ ሰዓት በቀን 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ።
• ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ከነደመወዙ።
• የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር።
• ሕመም ሲያጋጥም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ።
• በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት፣ ሆን ብላ ካላደረሰችው በቀር፣ አሠሪው ኃላፊ ነው፤ ጥፋት ባይኖርበትም።

የመጨረሻውን አትለፉት። በረኪናን ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ጓንት ማቅረብና ይህን ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው።

ዋጋው ከየት ይምጣ?

ብዙ ወጣት የሚፈራው እዚህ ላይ ነው። ፍርሃቱ ውሸት አይደለም፤ ጦርነትና አለመረጋጋት የቱሪስቱን እግር ባሳጠረበት አካባቢ ትንሽ ሥራ ይዞ መቆም ቀላል አይደለም። ግን ሳያሰሉ መፍራት ይበዛል። ለምሳሌ ያህል እናስላ።

ሦስት ሠራተኞች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው በወር 4,000 ብር ደመወዝ እንበል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛዋ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ፤ ማለትም ከእሷ 280፣ ከናንተ 440 ብር። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ባለው 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር ይቆረጣል። በእጇ የሚደርሳት 3,420 ብር ነው።

የናንተ ወጪ በሰው 4,440 ብር ሆነ። የ16 ቀን ፈቃዷን የሚሸፍን ሰው በወር ሲካፈል ወደ 205 ብር ይጨምራል። በሦስት ሰው ከበፊቱ 12,000 ብር ወደ 13,935 ብር ገደማ መጣ ማለት ነው። ልዩነቱ በወር 1,935 ብር ነው።

ይህን ገንዘብ ማን ይክፈል? እስከ ዛሬ ሲከፍሉት የነበሩት ሠራተኞቹ ናቸው፤ በሕመማቸው፣ ባልወሰዱት ዕረፍት፣ በሌላቸው ጡረታ። አሁን መከፈል ያለበት በዋጋ ተምኖ ነው። ከሆቴሉ ወይም ከቢሮው ጋር ውል ስታድሱ የደመወዝ፣ የጡረታ፣ የፈቃድ፣ የሳሙናና የጓንት ወጪውን ለየብቻ ጽፋችሁ አሳዩ። ከዚያ በታች ዋጋ ሰጥቶ ጨረታ የሚያሸንፍ ተፎካካሪ ልዩነቱን ከሰው ጉልበት ላይ እየወሰደ መሆኑን እወቁ። አንዳንድ ሥራ ይቀርባችሁ ይሆናል። ሪዝቅ ግን በአላህ እጅ ነው፤ በሰው ሐቅ የተገኘ ገቢ ደግሞ በረካ የለውም።

ሠራተኛዋ ራሷ «አይቆረጥብኝ፣ ሙሉውን ስጡኝ» ልትል ትችላለች። አትቆጧት፤ አስረዷት። ከእሷ 280 ሲቆረጥ በስሟ የሚገባው 720 ብር ነው። ደግሞም ግዴታው በስምምነት የሚቀር አይደለም። መጀመሪያ ላይ በእጇ የሚደርሰው እንዳይቀንስባት ደመወዙን ትንሽ ከፍ ማድረግ ከቻላችሁ ኢሕሳን ነው።

ከየት እንጀምር?

1ኛ፦ ለዩ። አብረዋችሁ የሚሠሩትን ሁሉ በስም ጽፋችሁ ኻስና ሙሽተረኩን ለዩ።

2ኛ፦ ጻፉ። በሱረቱል በቀራ ረጅሙ አንቀጽ የጊዜ ገደብ ያለው ዕዳ እንዲጻፍ አላህ አዟል፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች አሳስቧል። ሕጉም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ ደመወዙ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የውሉ ዘመን ይግባበት። የጁሙዓ ሰላት ሰዓትም፣ የክርስቲያን ሠራተኛ የበዓል ቀንም አብሮ ይጻፍ። ፍትሕ ለሁሉም አንድ ነው።

3ኛ፦ ዘመኑን በእውነት ወስኑ። ዓመቱን ሙሉ የሚቀጥል ሥራ ላይ ሰውን በየሦስት ወሩ ማስፈረም አይሆንም። ዝናቡ ካለፈ በኋላ እንግዳ ሲበዛ ብቻ የሚመጣ፣ በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ ግን ለተወሰነ ጊዜ መዋዋልን ሕጉ ይፈቅዳል።

4ኛ፦ አስመዝግቡ። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የጡረታ ምዝገባ አሟሉ፤ የቆረጣችሁትን በየወሩ አስገቡ። ከደመወዟ ቆርጦ በኪስ ማስቀረት የአማና ክህደት ነው።

5ኛ፦ የትናንቱን አትርሱ። ሁለት ዓመት የሠራችን ሴት «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ነሽ» ማለት ያለፈውን አይሰርዝም። አገልግሎቷን ከጀመረችበት ቀን ቁጠሩ፤ የቀረ ዕዳ ካለ አስልታችሁ፣ ባትችሉ ጊዜ ተስማምታችሁ ክፈሉ።

ለናንተም፣ ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ እህትና ወንድሞች፣ አንድ ቃል። በሱረቱል ቀሶስ ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጠሩ ያስመከራቸው ብርታታቸውና ታማኝነታቸው ነበር። የአገልግሎቱ ዘመንም ስምንት ዓመት ተብሎ ተወሰነ፤ አስር ቢሞላ በራሳቸው ፈቃድ እንጂ በግዴታ እንዳልሆነ ተነገራቸው። ሁለቱም ወገን የሚጠበቅበትን ያውቅ ነበር። እናንተም ሐቃችሁን ስትጠይቁ ሰዓታችሁንና ሥራችሁን ጠብቁ።

ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ወስዶ ክፍያውን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ከሚሟገታቸው ሦስቱ አንዱ መሆኑን ነቢያችን ﷺ ነግረውናል። እሷ ጠበቃ ላትይዝ ትችላለች፤ ተሟጋቿ ግን ማን እንደሆነ ሰምታችኋል።

ከዛሬው ጁሙዓ በኋላ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ስማቸውን መጻፍ ጀምሩ።

አላህ ገቢያችንን ሐላል፣ ውላችንን የጠራ ያድርግልን። አሚን። መልካም ጁሙዓ!