ለተራራ ተመራማሪዋ ልጄ

ልጄ፣ የተራራን በረዶና አፈር ልታጠኚ መነሳትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ከአፈር ጋር የገፋሁ ሰው ነኝና የምነግርሽን ያዥ።

1. አየሩን ለካሁ ብለሽ መሬቱን ያወቅሽ አይምሰልሽ። ፐርማፍሮስት የሚባለው ቢያንስ ለ2 ተከታታይ ዓመታት ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ያላለፈ መሬት ነው። ላዩ በበጋ ሊለሰልስ፣ ሣርም ሊያበቅል ይችላል፤ የረጋው ከሥር ነው። ቆፍረሽ፣ መለኪያ ቀብረሽና ታግሰሽ ካልሆነ አይገኝም።

2. በረዶውን ሳትመረምሪ ስለ መሬቱ አትፍረጂ። በረዶ የወደቀበት መሬት ሁሉ የሚቀዘቅዝ ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ወፍራም በረዶ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ለመሬት እንደ ጋቢ ነው። በአልፕስ ተራሮች በኅዳር ገና በብዛት ከጣለ የበጋውን ሙቀት ከሥሩ አፍኖ ያከርማል። ከዘገየ ወይም ከሳሳ ብርዱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሳይቀልጥ እስከ ሰኔ ከቆየ ደግሞ መሬቱን ከፀሐይ ይጋርደዋል። አየራቸው እኩል የቀዘቀዘ ሁለት ዓመታት አንድ ዓይነት መሬት የማይተዉልሽ ለዚህ ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ቪልፍሪድ ሄበርሊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ይህንኑ ጠባይ ለጥናት አዋለው። በብርዱ ወቅት ማብቂያ ላይ አንድ ሜትር ያህል በዘለቀ በረዶ ውስጥ ዘንግ ሰደሽ የሥሩን ሙቀት ትለኪያለሽ። ከዜሮ በታች ከ3 ዲግሪ የበለጠ ከቀዘቀዘ ፐርማፍሮስት ሳይኖር አይቀርም፤ 2 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንኳ ካልደረሰ መኖሩ ያጠራጥራል። በሁለቱ መካከል ካገኘሽው «ሊኖር ይችላል» ብለሽ ጻፊ። እርግጠኛ ለመምሰል ስትይ ቁጥርሽን አትጫኚው።

3. አንድ ቦታ ያዢና ሰንብቺበት። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሙርቴል በሚባለው ስፍራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ወደ 58 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ የመሬቱ ሙቀት ሲለካ ኖሯል። መሬቱ ቀስ እያለ መሞቁ የታወቀው አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ስለለካ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ሲያልቅ መሣሪያውን ነቅለሽ አትሂጂ።

4. ከተራራው ሥር ሰው እንዳለ አትርሺ። ነሐሴ 23 ቀን 2017 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስዊዘርላንድ ካለው ፒዝ ቼንጋሎ ተራራ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ቋጥኝ ተንዶ 8 ተጓዦች ሞቱ። ጭቃና ድንጋዩ ቦንዶ መንደር ድረስ ወረደ። መንደሩ ቀድሞ የተተከለ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነበረውና ነዋሪዎቹ በሕይወት ወጡ። እንዲህ ያለ ናዳ ሲደርስ ሁሉን በፐርማፍሮስት መቅለጥ ላይ ለመለጠፍ አትቸኩዪ፤ የቋጥኙ ስንጥቅ፣ ውሃውና የቀደሙት ናዳዎችም ድርሻ አላቸው።

5. ባሌን እይ። ይህን በተለይ አደራ እልሻለሁ፤ በረዶ የውጭ አገር ጉዳይ ነው የሚል ሰው ያበሳጨኛልና። ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝሙ፣ 15 ሜትር የሚሰፉ፣ 2 ሜትር የሚጠልቁ የድንጋይ መስመሮች አሉ። ዛሬ እዚያ የሌሊቱ ውርጭ የሚያረጋው የአፈሩን ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይፈታል። እንዲህ ያለው ውርጭ ያን የሚያህል ድንጋይ መደርደር አይችልም። መስመሮቹ ተራራው እጅግ ይቀዘቅዝ ከነበረበት ዘመን የቀሩ ናቸው። ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባሌ ላይ ግግር በረዶ ተንጣሎ ነበር። በዚያው ዘመን ሰዎች ፊንጫ ሀበራ በሚባለው የዋሻ መጠለያ ይኖሩና የባሌን ግዙፍ ፍልፈል ይመገቡ እንደነበር ቁፋሮው አሳይቷል። እንዲህ ያለ ታሪክ በገዛ አገርሽ ተኝቶ ሳለ አልፕስን ብቻ ተምረሽ ብትቀሪ አዝናለሁ።

ባሌ ስትወጪ መለኪያዎችሽን በተለያየ ጥልቀት ቅበሪ፤ አንዱን ከጅብራው ሥር፣ አንዱን ከድንጋዩ መስመር ውስጥ። ፍልፈሉ አፈሩን ስለሚገለብጥ የቀበርሽበትን ምልክት አድርጊ። ውርጩ የት እንደሚበረታ ከብት የሚያግዱትን ጠይቂ። የለካሽውንም ለብሔራዊ ፓርኩ ሠራተኞች አንድ ቅጂ ስጪ፤ ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ከዚያው እንዲቀጥል።