ስለ ገዥ ሞትና ስለ ኃያላን መንግሥታት ጠብ

ተማሪዎች ሆይ፤ ሁለት ኃያላን መንግሥታት ሲዋጉ ኖረው የአንደኛው ገዥ የሞተ እንደ ሆነ ሕዝብ ሁሉ «እንግዲህ ጠቡ አለቀ» ይላል። ይህ አነጋገር አንዳንድ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ሐሰት ይሆናል። ስለ ምን እንዲህ እንደሚሆን፥ እናንተ ከምትኖሩበት ከይፋት ቆላ ታሪክ ጀምረን እንመረምራለን። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

ከጣርማበር ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ የሚያየው አገር በጥንት ዘመን የይፋት ሡልጣኖች ግዛት ነበረ። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋ የሚወጣው ነጋዴ በዚህ ያልፍ ነበርና፥ ደጋውን የያዘው ንጉሠ ነገሥትና ቆላውን የያዘው የወላስማ ቤት ስለ ንግዱና ስለ ግብሩ ብዙ ጊዜ ተዋግተዋል። ኖራና አስባሪ በሚባሉት ስፍራዎች የዚያ ዘመን መስጊድና የከተማ ፍርስራሽ ዛሬም ይገኛል።

በ1400 ዓ.ም. አካባቢ ሡልጣን ሰዕደዲን የንጉሡ ሠራዊት ቢያሳድደው እስከ ዘይላ ሸሸ፤ በዚያም ተገደለ። በዚህም የይፋት ሡልጣንነት ወደቀ። ጠቡ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። ልጆቹ ባሕር ተሻግረው ወደ የመን ገቡ፤ በኋላም ተመልሰው ከይፋት በስተምሥራቅ ርቆ ባለው አገር የአዳልን መንግሥት አጸኑ፤ ምድሩም በአባታቸው ስም ተጠራ። የአባት ዕዳ ለልጅ እንደሚባለው፥ ገዥው ሞተ፤ ቤቱ ግን ቆሞ ነበርና ጠቡ ስፍራውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ከአዳል የተነሣው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፥ በደጋው ሕዝብ ዘንድ ግራኝ የተባለው፥ ነገሩ ከዚህ የተለየ ነበረ። ኃይሉን ከአባቱ የወረሰው አይደለም፤ ከወላስማ ቤት አንዱን በስም ሡልጣን አድርጎ አስቀምጦ፥ ሥልጣኑን ሁሉ በእጁ ጨብጦ ነበር። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ ዓፄ ልብነ ድንግልን ድል ካደረገ በኋላ ይፋትንና አብዛኛውን የደጋ አገር ያዘ። በዚህ ጊዜ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ንግድ የሚፎካከሩ ሁለት ታላላቅ መንግሥታት በጦርነቱ ገቡ። በ1533 ዓ.ም. 400 የሚሆኑ የፖርቱጋል ወታደሮች ከክሪስቶቮ ደ ጋማ ጋር ንጉሡን ለመርዳት መጡ። ኢማሙም በየመን ከነበረው የቱርክ ፓሻ ነፍጠኞችና መድፍ አስመጥቶ፥ በ1534 ዓ.ም. ወፍላ ላይ ደ ጋማን ማርኮ ገደለው። ከድሉም በኋላ አብዛኞቹን ቱርኮች አሰናበታቸው።

በየካቲት ወር 1535 ዓ.ም. ዓፄ ገላውዴዎስና የቀሩት ፖርቱጋሎች በጣና ባሕር አጠገብ ወይና ደጋ ላይ ገጠሙት፤ ኢማሙም ወደቀ። እርሱ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ታስሮ ነበርና። ይሁን እንጂ የኃያላኑ ፉክክር አልቀረም፤ በ1549 ዓ.ም. ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። የኢማሙን መበለት ድል ወንበራን ያገባው አሚር ኑርም ተነሥቶ በ1551 ዓ.ም. ገላውዴዎስን በጦርነት ገደለ። ሞት ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህል ዕረፍት ሰጠ እንጂ ዕርቅን አላመጣም።

በእኛ ዘመን የሆነውንም እንመልከት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ባላንጣዎች ሆኑ። በኮርያ ጦርነት ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር የቃኘው ሻለቃን ላከች፤ የመጀመሪያው ክፍል በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ። የተኩስ ማቆም ንግግር በ1943 ዓ.ም. ቢጀመርም፥ በምርኮኞች ጉዳይ ተሰናክሎ ሳይፈጸም ቆየ። የሶቪየት ኅብረት ፈላጭ ቆራጭ ገዥ ስታሊን የካቲት 26 ቀን 1945 ዓ.ም. ሞተ። ተተኪዎቹ ወዲያው ጦርነቱ እንዲቆም ለቻይናና ለሰሜን ኮርያ ላኩ፤ ቻይናም በምርኮኞች ነገር አሳቧን አላላች። አምስት ወር ሳይሞላ፥ ሐምሌ 20 ቀን፥ ተኩስ የሚቆምበት ውል ተፈረመ። ከመቶ ሃያ የሚበልጡ የኢትዮጵያ ወታደሮች ግን በዚያ ጦርነት አልቀዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም.፥ የአራቱ ኃያላን ወታደሮች ከኦስትሪያ እንዲወጡ ውል ሆነ፤ መሪዎቹም በጄኔቭ ተገናኙ። ነገር ግን በ1949 ዓ.ም. የሶቪየት ታንኮች የሀንጋሪን ሕዝብ ዓመፅ ደመሰሱ። በኮርያም እስከ ዛሬ የሰላም ውል አልተፈረመም።

ስለዚህ ገዥ ሲሞት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ሥልጣኑ በአንድ ሰው ላይ ቆሞ ነበርን ወይስ በቤትና በሥርዐት? ተተኪው ጦርነት ይሻልን ወይስ ዕረፍት? የተጣሉበት ነገር፥ ወደቡ፥ ንግዱ፥ ግብሩ፥ በንግግር ተቆርጧልን? ሦስተኛው ሳይፈጸም የቀረ እንደ ሆነ፥ ጠቡ ሌላ ሰው አግኝቶ ይነሣል። ሞት የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ ጊዜ ተቀምጦ የሚነጋገር ሰው ካልተገኘ ሟቹን የሚበቀል ይነሣል።

ጥያቄ፤
1. የሰዕደዲን ሞትና የኢማም አሕመድ ሞት ያመጡት ነገር ስለ ምን ተለያየ?
2. የኮርያ ጦርነት በ1945 ዓ.ም. እንዲቆም የረዳው ምንድር ነው? ያልተፈጸመውስ?
3. በመንደራችሁ በግጦሽ ወይም በውኃ የተጣሉ ሁለት ወገኖች ቢኖሩ፥ የአንዱ ወገን አለቃ ሳይሞት ሊቆረጥ የሚችለው ነገር የትኛው ነው? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።