ያገለገለ የሞተር ብስክሌት ሳልባትዮ ያለ አደጋ ስለ መላክ

የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ዕቃ የሚፈልግ ሰው በአገር ውስጥም በውጭ አገርም ይገኛል። ፋብሪካው አንዱን ዓይነት መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ሲያልፍ አዲስ መለዋወጫ ከገበያ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በጋራዥ ጥግ ተጥሎ የኖረው የቤንዚን ማጠራቀሚያ፣ ይኸውም መካኒኮች ሳልባትዮ የሚሉት፣ ዋጋ ያገኛል። ከጫጫ ተነሥቶ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ፣ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ አልፎም በጅቡቲ ወደብ ወይም በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር ሲላክ ቀላልና ባዶ ዕቃ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ባዶ አይደለም። የዛሬው ትምህርታችንም ስለዚሁ ነው።

«ባዶ» ስለምትባለው ቃል

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ በአሠሪዬ መደብር የመላኪያ ወረቀት ሳዘጋጅ «ባዶ ብረት፣ 1 ፍሬ» ብዬ ጻፍሁ። ዕቃውን ከፍቼ አላየሁትም፤ ባዶ ነው ስባል አመንሁ። በጆንያ ተጠቅልሎም ከተሳፋሪ ጋር በአውቶቡስ ተጫነ። በመንገድ ላይ ተሳፋሪዎች የቤንዚን ሽታ ሸተታቸው። ረዳቱ መኪናውን አስቁሞ ቢፈትሽ በሳልባትዮው ውስጥ የቀረው ቤንዚን በክዳኑ አፈትልኮ የሌላ ሰው የጋቢ ጥቅል አርሶ አገኘው። አሠሪዬ የጋቢዎቹን ዋጋ ከፈሉ። አንድ ሰው ሲጋራ ለኩሶ ቢሆን ኖሮ ግን ጉዳቱ በገንዘብ የሚካስ ባልሆነም ነበር። ጥፋቱ የሾፌሩም የረዳቱም አልነበረም፤ ሳያይ የጻፈው የእኔ ብዕር ጥፋት ነበር።

ይህችው ቃል በሌላ አገር የከፋ ነገር አድርሳለች። ግንቦት 3 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1996) በአሜሪካ አገር ከማያሚ ከተማ የተነሣው የቫሉጄት አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥር 592፣ በጭነት ክፍሉ በተነሣ እሳት ምክንያት ወድቆ የነበሩበት 110 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። እሳቱን ያስነሡት ኦክሲጅን የሚያመነጩ ቆርቆሮዎች በመላኪያው ወረቀት ላይ የተመዘገቡት «ባዶ» ተብለው ነበር። ዕቃው ከእኛ ዕቃ ቢለይም ትምህርቱ አንድ ነው።

ስለ ምን ባዶ አይደለም?

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያህል ብርድ እንኳ የሚነድ ተን ያወጣል፤ ስለዚህ የጫጫ ውርጭ አያግደውም። ተኑ ከአየር 3 እስከ 4 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ከሳልባትዮው ግርጌ ተኝቶ ይቀራል፤ ክዳኑን መክፈት ብቻውን አያስወጣውም። ከአየሩ መካከል ተኑ ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 እጅ ሲሆን በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። በቤንዚን የተሞላ ሳልባትዮ በውስጡ ለአየር ቦታ የለውም። 10 ሊትር በሚይዘው ሳልባትዮ ግን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ቤንዚን ተንኖ ቢደባለቅ ለፍንዳታ ይበቃል። እንግዲህ «ጠብታ ብቻ ነው የቀረው» የሚባለው ሳልባትዮ ይበልጥ የሚያስፈራው ነው።

የአዘገጃጀቱ ሥርዓት

1ኛ. ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከምድጃ፣ ከሲጋራና ከብየዳ ርቆ ይፈጸም። የቀረው ቤንዚን ለዚሁ በተሠራ ዕቃ ይቀዳ። የቆየ ሳልባትዮ እርሳስ የተደባለቀበት የድሮ ቤንዚን ቅሪት ሊኖርበት ስለሚችል ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል።

2ኛ. የታችኛው ቀዳዳ ተደፍኖ ሳልባትዮው እስኪፈስ ድረስ በውሃ ይሞላ። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ተንሳፎ ይወጣል፤ ውሃውም ተኑን ገፍቶ ያስወጣዋል። ዝገት ቤንዚን ይዞ ስለሚያቆይ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና 2 ወይም 3 ጊዜ እየተናጠ ይታጠብ። እጣቢው በሳፋ ተጠራቅሞ ለጋራዥ ይሰጥ እንጂ ከብት በሚጠጣው በጫጫ ወንዝ አይደፋ።

3ኛ. ክዳኑና የቤንዚኑ መክፈቻ ወጥተው፣ አፉ ወደ ታች ተደርጎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ቢያንስ 2 ቀን ይድረቅ።

4ኛ. ከደረቀ በኋላ ክዳኑ ተገጥሞ ግማሽ ቀን ፀሐይ ይምታው፤ ከዚያም ተከፍቶ ከራቅ ይሽተት። በጫጫ ብርድ የተደበቀው ሽታ በአዋሽ ሙቀት ይገለጣልና። ቢሸት እጥበቱ ይደገም። ይሁን እንጂ አፍንጫ ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ በአውሮፕላን የሚላከውን በጋዝ መለኪያ መሣሪያ ማስመርመር ይገባል። በክብሪት መፈተን ግን ሕይወትን መወራረድ ነው።

5ኛ. በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በጠንካራ ሣጥን ይታሸግ፤ ክዳኑ ለብቻው ይቀመጥ፤ አፉም አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ይሸፈን። ጫጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት የአየሯ ግፊት በጅቡቲ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚህ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ስስ ቆርቆሮ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርድ በውጭው አየር ተገፍቶ ሊጎደጉድ ይችላል።

ስለ ወረቀቱ

በመላኪያው ወረቀት ላይ «ባዶ» ተብሎ አይጻፍ። እንዲህ ይጻፍ፦ «ያገለገለ የሞተር ብስክሌት ሳልባትዮ፤ ታጥቦና ደርቆ ከቤንዚንና ከተኑ የጸዳ፤ የታጠበበት ቀን … ፤ ያጠበው ሰው ስምና ፊርማ … »። ያልጸዳው ግን በዓለም አቀፍ ደንብ አደገኛ ጭነት ነው፤ ቤንዚን ከ3ኛው ክፍል፣ ከሚነዱ ፈሳሾች ጋር፣ በቁጥር 1203 ተመዝግቧል። ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረትም የሚነዱ ፈሳሾች በፖስታ እንዳይላኩ ይከለክላል። አጓጓዡ የጸዳውንም ቢሆን አልቀበልም ሊል ስለሚችል ዕቃው ከመታሸጉ አስቀድሞ ይጠየቅ።

እጥበቱ ከሁለትና ከሦስት ቀን ሥራ አያልፍም። የአጓጓዡ ሠራተኛና ከዕቃው ጋር የሚሳፈረው መንገደኛ ሣጥኑን ከፍተው አያዩም፤ የሚያምኑት ወረቀቱን ነው። ስለዚህ ነጋዴው ሳያስጥብ አይላክ፤ ጸሐፊውም በዓይኑ ሳያይ አይጻፍ።