ወፍ ጠባቂው ሲዘናጋ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ መዘናጋት ነው። «ይሄ ደግሞ ከኤችአይቪ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። እስኪ ከራሴ ጥፋት ልጀምርላችሁ።

ቆቦ ከተማ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ስሠራ አንድ የ19 ዓመት ወጣት በየወሩ እየመጣ ያነጋግረኝ ነበር። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚ ነው። አንድ ቀን «እህቴ፣ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ» አለኝ። እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬያለሁ። «አብሽር፣ ቆይ አንዴ» አልኩት። «አንዴ» ያልኩት ረዘመ። ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ሲመረመር በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ። ለካ ያን ቀን ሊነግረኝ የመጣው ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ላይ ቁጭ ብሎ ስልክ ሲነካካ መድኃኒቱን እየረሳ መሆኑን ነበር። እሱን ስልክ አዘናጋው፤ እኔንም ስልክ። ይህን የጻፍኩት እሱው ፈቅዶልኝ ነው።

መዘናጋት ምንድን ነው?

የራያ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚወጣውን ወፍ ጠባቂ ያውቀዋል። የወፍ ጠባቂ ዋና ሥራ መወንጨፍ ሳይሆን ማየት ነው። ዓይኑ ማሳው ላይ እያለ ልቡ ሌላ ቦታ ከሄደ ግሪሳው ይወርድበታል።

እኛም እንደዚያው ነን። ሁለት ነገር ባንዴ የምንሠራ ቢመስለንም አእምሯችን ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው። በዘለለ ቁጥር ጊዜ ያባክናል፤ ይሳሳታልም። አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ያሉት ለዚህ ነው።

ከኤችአይቪ ጋር ምን አገናኘው?

በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ዛሬ አብዛኛው ተጠቃሚ የሚወስደው በቀን አንድ ጊዜ ነው። በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የዘለቀ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። መድኃኒቱ በተደጋጋሚ ሲረሳ ግን ቫይረሱ ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል።

ቫይረሱ የሌለበትም ወጣት ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። በመጠጥ ሞቅታ ወይም በጓደኛ ግፊት ልቡ ሲሸፍት ኮንዶም ይረሳል። እንዲህ ያለ ስህተት ከተፈጠረ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ወዲያውኑ፣ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

1. የግሪሳውን ሰዓት ዕወቁ። ግሪሳ የሚበረታው ጠዋትና ወደ ማምሻው ነው። የእናንተስ መዘናጊያ መቼ ይበረታል? ለሦስት ቀን ያህል ጻፉት።

2. ስልኩን ከዓይን አርቁ። ስታጠኑ ድምፁን አጥፍታችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

3. ስልኩን አገልጋይ አድርጉት። በመድኃኒት ሰዓት እንዲደውል ሙሉት፤ ደወሉን ከማጥፋታችሁ በፊት መድኃኒቱን ዋጡ። በኬንያ ተካሂዶ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት በየሳምንቱ «እንዴት ነህ?» የሚል አጭር የስልክ መልእክት የተላከላቸው ሕሙማን ካልተላከላቸው በተሻለ መድኃኒታቸውን በአግባቡ ወስደዋል።

4. በቀን 5 ደቂቃ ልብ በሉ። ቁጭ ብላችሁ ትንፋሻችሁን ብቻ አዳምጡ። ሐሳባችሁ ሲሄድ ሳትቆጡ መልሱት። ወፍ ጠባቂ ግሪሳ ለምን መጣ ብሎ አያለቅስም፤ ያባርረዋል፣ ከዚያ ደግሞ መጠበቁን ይቀጥላል።

5. ሰው ሲያነጋግራችሁ ስልኩን አስቀምጡ። የመጣው ሰው ደግሞ ላይመጣ ይችላል።

ያ ወጣት ግን ተመልሶ መጣ። አሁን ስልኩ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይደውልለታል፤ የቫይረሱ መጠንም ወርዷል። የእኔ ስልክ ደግሞ ሰው ሳነጋግር መሳቢያ ውስጥ ነው።

ለክበባችሁ የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ባለፈው ሳምንት በመዘናጋት ምን አመለጣችሁ?

ለ. መድኃኒት የሚወስድ ጓደኛችሁን ምስጢሩን ጠብቃችሁ እንዴት ልታስታውሱት ትችላላችሁ?

ቸር እንሰንብት!